ሁለት በር በአንድ ቁልፍ

«የቤት ሠራተኛ ሆነሽ ሰርቨር?» ይሉኛል ሰዎች ይህን ሳወራላቸው። አዎ፣ የቤት ሠራተኛ ሆኜ ሰርቨር። እሱም ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ከሳሙናው ባልዲ አጠገብ። መጀመሪያ ሳቃችሁን ጨርሱ፣ ከዚያ እነግራችኋለሁ።

ዘነበች እባላለሁ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ኮሌጅ ገብቼ ሦስት ዓመት ኮምፒዩተር ተማርኩ፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለግኩ፤ ከዚያ ሳዑዲ ሄጄ መጥረጊያ ያዝኩ። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ በተማረችው ገባች» ብላ አውርታ ነበር፤ እኔም አላረምኳትም። ያን ጊዜ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ የምሠራው ሳምጣ ነው። ከጂዛን ወደ የመን ድንበር ስትወርዱ፣ ጡዋል ሳትደርሱ ያለች፣ በየመንገዱ ፍተሻ የበዛባት ሞቃት ከተማ ናት።

አሠሪዬ የአንድ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሚስት ነበረች። እኛ ማዳም ነው የምንላቸው፣ እኔም ማዳም እላታለሁ። ዘነበች የሚለው ስም አልያዝላት ስላለ ዘይነብ አለችኝና ዘይነብ ሆኜ ቀረሁ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን የቁልፍ ሰው ናት። የግቢውን የብረት በር ቁልፍ በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ታስረዋለች። ስትወጣ ከውጭ ትቆልፍብኛለች፣ ስትመለስ ትከፍታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ቁልፍ በእጄ ነክቼው አላውቅም።

ሰርቨሩ የመጣው በሂንድ ምክንያት ነው። ሂንድ የማዳም ትንሿ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ትማራለች። ትማራለች ማለት እሷ ትመዘገባለች፣ የቤት ሥራውን እኔ እሠራለሁ ማለት ነው። ያኔ መካከለኛዋ ልጅ ልትዳር ነበር። ትልቋ ደግሞ ሪያድ አግብታ፣ እርግዝናዋ ስለገፋ ለሠርጉ መምጣት አልቻለችም። ፎቶ ይላክላት ሲባል ማዳም እምቢ አለች። እዚያ አገር የሴቶች ሠርግ ለብቻ ነው። ወንድ ስለሌለ ዓባያው ይወልቃል፣ ፀጉር ይለቀቃል፣ ይጨፈራል። ያ ፎቶ ባዕድ ወንድ እጅ ቢገባ የስንት ቤት ስም ይጠፋል፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ የሙሽሪት ትዳር።

«የልጆቼ መልክ የማላውቀው ሰው ኮምፒዩተር ላይ አያድርም» አለች ማዳም። «ፌስቡክ የለም፣ ዋትስአፕ የለም፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

«የራሳችን ኮምፒዩተር ላይ ቢሆንስ?» አልኩ እኔ ሻይ እየቀዳሁ። ያኔ አፌን ሰብሰብ ባደርግ ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር።

የሂንድን አሮጌ ኮምፒዩተር ልብስ ማጠቢያው ክፍል አስገባነው፤ እዚያ ከእኔ በቀር የሚገባ የለማ። ነገሩ ቀላል ነው። ፎቶዎቹ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሪያድ ያለችው እህት ከስልኳ በኢንተርኔት እየመጣች ታያቸዋለች። ለዚህ ደግሞ ራውተሩ ላይ፣ ማለትም ኢንተርኔት ወደ ቤት የሚያስገባው ሳጥን ላይ፣ ከውጭ መግቢያ የሚሆን አንድ ትንሽ በር መክፈት ያስፈልጋል። ከፈትኩ። የይለፍ ቃልም አደረግኩበት። አልቆ ሲሠራ ማዳም መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች፣ እጇ አንገቷ ላይ ካለው ቁልፍ አልተለየም።

«ዘይነብ፣ ባዕድ ሰው ሊገባ ይችላል?»

«አይችልም ማዳም። ቁልፉ ያለው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው።»

ደስ አላት። እኔ ደግሞ ከእሷ ይበልጥ ደስ አለኝ። ከኮሌጅ ከወጣሁ ጀምሮ በተማርኩት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የዚያን ዕለት ሽንት ቤቱን ራሱ እያዜምኩ ነው ያጠብኩት።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። አላቆምኩም።

እኛ አራት ሴቶች የሚካኤል ማኅበር ነበረን። አገር ቤት ቢሆን ወር በገባ በአሥራ ሁለት ተሰብስበን እንዘክር ነበር። እዚያ ግን አንዷ ሳምጣ፣ አንዷ አቡ ዓሪሽ፣ አንዷ ሰብያ፣ አንዷ አድ-ዳኢር ተራራ ላይ ነን፤ የማንኛችንም በር ከውጭ ይቆለፋል። ስለዚህ ማኅበራችን በስልክ ነው። እኔም «ያው ኮምፒዩተሩ ሥራ ፈትቶ ነው የሚውለው» ብዬ እዚያው ላይ ለማኅበራችን ትንሽ ጥግ ሠራሁ። መዝሙር አለው፣ ከአገር ቤት የመጣ ፎቶ አለው። ገጹ ሲከፈት ሁለት በር ያሳያል፤ አንዱ ላይ በአማርኛ «ማኅበር» ይላል፣ አንዱ ላይ በዓረብኛ «ቤተሰብ» ይላል።

ሁለቱም የሚከፈቱት በአንድ ቁልፍ ነበር። ሚካኤል፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ቁጥር።

አስቤበት ነው ያደረግኩት። በዚያ ሰፈር ሚካኤል በአሥራ ሁለት እንደሚውል የሚያውቅ ማን አለ? እኔ የፈራሁት የሰፈሩን ጎረምሳ ነው፣ ቢበዛ ደግሞ በፊልም የማየውን ባለ መነጽር የፈረንጅ ሌባ። ለማኅበርተኞቼ የአንዱን በር ቁልፍ ስሰጥ የሌላውንም መስጠቴ ትዝም አላለኝ። የቀጠሩኝን ሰዎች ከዓለም ሁሉ ጠብቄ ለራሴ ሰዎች ገርበብ አድርጌ ተውኩላቸው።

ሠርጉ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ የቀትሩ ሶላት አልቆ፣ ቤቱ በሙሉ ቀን እንቅልፍ ላይ ነበር። ልብስ ላወጣ ገብቼ በዚያው ኮምፒዩተሩን አየት አደረግኩ። ሰርቨር ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ የሚጽፍበት መዝገብ አለው። መዝገቡ ላይ የሪያዷን እህት አድራሻ አውቀዋለሁ። ሌላ አንድ የማላውቀው አድራሻ ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በቤተሰቡ በር ገብቶ የሠርጉን ፎቶ ሲያይ ቆይቷል። የዛሬው ደግሞ ባሰ። አራት መቶ ምናምን ፎቶ ባንድ ጥቅል እያወረደ ነው፣ እኔ ቆሜ እያየሁት።

የኢንተርኔቱን ገመድ መዝዤ ነቀልኩት። መዝገቡን ሳየው ግን ጥቅሉ አልቆ ወርዷል።

ባልዲው ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሰሞን ሐበሻ እየታፈሰ ወደ ተርሂል፣ ወደ ማባረሪያው እስር ቤት፣ የሚገባበት ጊዜ ነው። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። አንድ ስልክ ከደወለች እኔም እነሱን ተከትዬ ነው። እውነቱን ልንገራችሁና መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። ያቺ ገና እጇ ላይ ሂናው ያልለቀቀ ሙሽራ ትዝ ያለችኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ስትመጣብኝ ግን ከራሴ ጉዳይ ይልቅ እሷ አመመችኝ። በሠርጓ ቀን ፀጉሯን የያዝኩላት እኔ ነኝ።

ከዚያ መዝገቡን ደግሜ አየሁት። ሰዓቱን አየሁ። ዘጠኙንም ቀን ሌባው የመጣው ከቀትር ሶላት በኋላ፣ አገር ሁሉ ሲተኛ ነው። ዓስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ ሲጠራ ይወጣል። አንድም ቀን ማታ አልመጣም። በዚያ አገር በዚያ ሰዓት ብቻ ዕረፍት ያለው ማን ነው? እኛ ነን። ሌባዋ ዕቃ አጥባ የጨረሰች ሐበሻ ናት።

መጀመሪያ እትዬ ብርቄ ጋ ደወልኩ፤ አቡ ዓሪሽ ያሉት፣ የማኅበሩ ታላቅ ናቸው።

«እትዬ ብርቄ፣ የዓረቦቹን ሠርግ ፎቶ አይተዋል እንዴ?»

«ማን አገባ? አንቺ አገባሽ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም። እዚያ በሠራሁላችሁ ገጽ ላይ...»

«እሱንማ እስካሁን አልከፈትኩትም። ሲከፈት የይለፍ ቃል ይጠይቃል ስትይኝ ፈርቼ ተውኩት።»

ከተጠቃሚዎቼ ሁሉ የምተማመንባቸው ሰው እሳቸው ብቻ ሆኑ። ቀጥዬ ፋንታዬ ጋ ደወልኩ።

ፋንታዬ የወረኢሉ ልጅ ናት። አድ-ዳኢር ተራራ ላይ፣ በእርከን በተተከለ ቡና መሀል ያለ አንድ ቤት ውስጥ ጆሯቸው የማይሰማ አሮጊት ትጦራለች።

«ፋንታዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ምንም። ሩዝ ጥጄ ቁጭ ብያለሁ።»

«ኢንተርኔት ላይ ነበርሽ?»

«እኔ? አልነበርኩም።»

«እስቲ በሚካኤል በይ።»

ፋንታዬ ትዋሻለች፣ በሚካኤል ግን አትዋሽም።

«ለዚች ለዚችማ ሚካኤልን ምን አስጠራሽ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሠርጉን እያየሁ ነበር። የዓረብኛውን በር ነካሁት፣ ቁልፍ ጠየቀኝ፣ ሚካኤልን ሞከርኩ፣ ተከፈተ። ባይከፈት እኔ ምን አገባኝ። አንቺ ነሽ ክፍት የተውሽው።»

ተቆጥቼ ነበር የደወልኩት፤ እውነቷን ስለሆነ ግን ወደ ሌላ ጥያቄ አለፍኩ።

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምን ታያለሽ?»

«ሰው ሲስቅ ነዋ። አንቺዬ፣ እዚህ እኮ እኔና አሮጊቷ ብቻ ነን። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ አላየሁም። አሁን ሁሉንም ለይቻቸዋለሁ። ያቺ ደልደል ያለችው ምግብ ሲመጣ ብቻ ነው የምትነሳው። አረንጓዴ የለበሰችዋ ግን፣ ስትጨፍር እግሯ መሬት የሚነካም አይመስል። አግብታለች?»

አረንጓዴ የለበሰችው ማን እንደሆነች አውቃለሁ፤ ግን ጊዜው አልነበረም።

«ለምንድነው ያወረድሽው?»

«ኔቱ እየቆራረጠ አስቸገረኛ። ባንዴ ላውርደውና ተደላድዬ ልይ ብዬ።»

«ስልክሽ ላይ?»

«ስልኬ ምን ቦታ አለው? የሙሐመድ ኮምፒዩተር ላይ ነው።»

ሙሐመድ የአሮጊቷ ልጅ ነው፤ ድንበር ላይ ወታደር ሆኖ የሚሠራ፣ በየሐሙሱ ወደ እናቱ የሚመጣ። የሳምጣን ሰው ሁሉ በስም ያውቃል።

«ፋንታዬ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«አዎ። እንደውም ሩዙን የጣድኩት ለሱ ነው። መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ይሰማኛል።»

«ስሚኝ። ተነሺና ኮምፒዩተሩ ጋ ሂጂ።»

«ሩዙ ያርራል።»

«ይረር።»

ስልኩን ትከሻዋና ጆሮዋ መሀል አድርጋ ተቀመጠች። የወረደውን ጥቅል እንድትፈልግ መራኋት። አገኘችው። ሰርዢው አልኳት።

«አረንጓዴዋን አንዷን ብቻ ላስቀር?»

«አንድም አታስቀሪ።»

«እሺ። ጠፋ።»

«አልጠፋም። ወደ ቅርጫቱ ነው የገባው። የቅርጫት ሥዕል አለ፣ እሱን ክፈቺና ባዶ አድርጊው።»

«የጠፋ ነገር ምን ብሎ ይቀመጣል?»

«እኔ አይደለሁም የሠራሁት፣ ፋንታዬ። ክፈቺው።»

በስልኩ ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ።

«በሩ ላይ ነው» አለች። «ይኸ ነገር ደግሞ በዓረብኛ እርግጠኛ ነሽ ወይ ይለኛል። ምን ልበለው?»

«አዎ በይው» አልኩ። ስልኩ ግን ተቋርጧል። ሰምታኝ ይሁን ሳትሰማኝ አላወቅኩም።

ደጋግሜ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ያጠብኩትን ልብስ እንደገና አጠብኩት። ሻይ አፈላሁና ሂንድ አንድ ጊዜ ፉት ብላ «ዘይነብ፣ ዛሬ ጨው ነው እንዴ የምንጠጣው?» አለችኝ። የቤቱ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከአድ-ዳኢር ይመስለኛል።

ዓስር ሶላት ካለፈ በኋላ ፋንታዬ ደወለች። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«አዎ አልኩት» አለች።

«ከዚያስ?»

«ባዶ ሆነ። ሙሐመድ ገብቶ ምን ትሠሪያለሽ ሲለኝ አቧራ እየጠረግኩ ነው አልኩት። አብሽሪ፣ ምንም አላየም። ሩዙ ግን አርሮ ሲቆጣኝ ነው የዋለው።»

ተንበርክኬ መሬቱን ሳምኩት። ኸላስ፣ አለፈ። ማንም አላወቀም፣ ማንም አያውቅም። ገመዱን መልሼ እሰካለሁ፣ ቁልፉን እቀይራለሁ፣ አፌን እዘጋለሁ። እንደዚያ ወሰንኩ። እናንተስ ብትሆኑ?

ያን ጊዜ ሂንድ ስልኳን ይዛ መጣች። እህቷ ከሪያድ ገጹ አልከፈት ብሏት አማርራለች። ማዳምም ተከትላት ገባች። «መብራት ጠፍቶ ነበር» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ማዳም ቀደመችኝ፤ ወደ ልጇ ዞራ መቆጣት ጀመረች።

«አንቺ ነሽ የነካካሽው። አውቃለሁ። ዘይነብ እንዲህ ዓይነት ስሕተት አትሠራም።»

ብትሰድበኝ ኖሮ እዋሽ ነበር፤ እውነቴን ነው። ሂንድ ምንም ሳታደርግ ስትወቀስና እኔ ስመሰገን ግን አልቻልኩም።

«ማዳም፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ቁልፉ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አልነበረም።»

ሁሉንም ነገርኳት። ሁለቱን በር፣ አንዱን ቁልፍ፣ ማኅበሩን፣ ፋንታዬን፣ የሙሐመድን ኮምፒዩተር፣ ቅርጫቱን። ማዳም እጇን አንገቷ ላይ እንዳደረገች አዳመጠችኝ። ሂንድ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች።

«የይለፍ ቃሉ ምን ነበር?» አለችኝ ማዳም በመጨረሻ።

«ሚካኤል፣ አሥራ ሁለት።»

«ሚካኢል? መልአኩ?»

«አዎ።»

«አሥራ ሁለቱስ?»

«ቀኑ ነው።»

«እናንተ ጋ መላእክት ቀን አላቸው?»

«አላቸው ማዳም።»

ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

«ያቺ ጓደኛሽ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የልጄን ሠርግ ስታይ ምን ነበር የምትፈልገው?»

«ሰው ሲስቅ ማየት ነው ያለችኝ። ደግሞ...» ጨነቀኝ። «አንዲት አረንጓዴ የለበሰች ወዳለች። ስትጨፍር እግሯ መሬት አይነካም አለች። አግብታለች ወይ ብላ ጠይቃኛለች።»

ሂንድ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሠርጉ ላይ አረንጓዴ የለበሰችው ማዳም ናት።

የማዳም ከንፈር ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፣ ወዲያው ግን ጠፋ። «ውጪ» አለችኝ። «ሂጂና በስኳር ሻይ አፍዪ።»

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ፤ ሁለት ቀሚስና አንድ ነጠላ ለማዘጋጀት ሁለት ቀን አይፈጅም፣ ግን እያወጣሁ እየመለስኩ ነው። በሦስተኛው ቀን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ድረስ መጣች።

«ያላ፣ አብሪው» አለች ወደ ኮምፒዩተሩ እያመለከተች። «አሁን እንዴት እንደሚቆለፍ እኔም ላውቅ።»

ባልዲው ላይ አስቀመጥኳትና አስተማርኳት። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ቁልፍ፣ አንዱ የሌላውን እንዳይከፍት። ቁልፉ ረጅም ይሁን፣ የልጅ ስም፣ የበዓል ቀን፣ የመልአክ ስም አይሁንበት። መዝገቡን በየሳምንቱ ማየት። ሰው ሲሄድ ደግሞ፣ ጥሩ ሰውም ቢሆን፣ ቁልፉን መቀየር። ሁሉን በጽሞና ሰማችኝ፤ እንዲያውም ከሂንድ ቶሎ ይገባት ነበር። የማኅበሩን ጥግ ላጠፋው ስል ከለከለችኝ። «የመልአካችሁ ቤት ይቆይ። ግን በራሱ ቁልፍ» አለች።

ስትነሳ ጥቁሩን ክር ከአንገቷ አወለቀችና ማጠቢያ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው። የግቢው የብረት በር ቁልፍ ነው።

«ዳቦ የሚያመጣው ሰው እኔ ስወጣ ነው የሚመጣው» አለች፣ እኔን ሳታይ። «ማን ይክፈትለት?»

እኔ እዚያ ቤት ስኖር ዳቦ የሚያመጣ ሰው አይቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ከቤት ስትወጣ ቁልፉን ይዤ በሩ ጋ ሄድኩ። ከፈትኩ። ወጣሁ። ወደ ጡዋል የሚሄድ ከባድ መኪና አቧራ አልብሶኝ አለፈ። ወዴት ልሂድ? የምሄድበት የለኝም፣ ደግሞ ወጥ ጥጃለሁ። ትንሽ ቆሜ ገባሁና ራሴ ከውስጥ ቆለፍኩት። ራሴ መቆለፌ ብቻ በቃኝና እያለቀስኩ ሽንኩርት ከተፍኩ፤ ለቅሶውንም በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ለፋንታዬ የራሷን ቁልፍ ሰጠኋት። የዓረብኛው በር መዘጋቱን ስነግራት አዘነች፤ አረንጓዴዋ አግብታ ሦስት ልጅ እንዳላት ስነግራት ደግሞ፣ የሷንም ሠርግ ለማየት ተመኝታ ነበርና፣ የባሰ አዘነች።

አሁን ኮምቦልቻ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሰው ራውተር ይዞልኝ ይመጣል፣ የሆቴል ካሜራ እገጥማለሁ፤ እናቴ አሁን ስታወራ አልሳቀቅም። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ «ታቦትዎ ማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ስሙን ሲነግሩኝ ከነቀኑ የይለፍ ቃሉ ቦታ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ከአሥር ሰው የስንቱ ራውተር ወዲያው እንደሚከፈት ብነግራችሁ ትደነግጣላችሁ። እናንተም ይህን ስታነቡ ፈገግ ያላችሁ፣ አውቄያችኋለሁ። ሂዱና ቀይሩት። የሚያስፈራችሁ ሩቅ ያለው ሌባ ብቻ አይሁን፤ የምትወዱትም ሰው ሳያውቅ ቤታችሁን ሊያፈርስ ይችላል። ከተሳሳታችሁ ደግሞ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እኔ የማዳምን እምነት ያገኘሁት በሩን በመቆለፍ አይደለም፤ ክፍት እንደነበረ በመናገሬ ነው።

2006 ሊያልቅ ሲል ኮንትራቴን ጨርሼ አገሬ ገባሁ። ቤት ደርሼ ሻንጣዬን ስፈታ ያ ቁልፍ ከነጥቁር ክሩ ነጠላዬ ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ደንግጬ ወዲያው ደወልኩ።

«ማዳም፣ የግቢውን ቁልፍ ሳላውቅ ይዤው መጥቻለሁ። በሰው ልላከው?»

ሳቀች። ከሁለት ዓመት በላይ አብሬያት ስኖር እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም።

«ያንቺው ይሁን» አለች። «አውሮፕላን ማረፊያ አድርሰንሽ ስንመለስ መቆለፊያውን አስቀየርኩት። ሰው ሲሄድ፣ ጥሩ ሰውም ቢሆን፣ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ከፋኝ። ቆይቶ ግን ኮራሁ። እስከ ዛሬ ካስተማርኳቸው ሰዎች ሁሉ በደንብ የገባት እሷ ናት።